ከሁለተኛው በር ማዶ የሚለቀቅ ንፋስ

ኔስታ ታይ ኢሳፍ ይሏታል። በሰሜን ዌልስ ተራሮች መካከል ሰው በገዛ ስሙ ብቻ አይጠራም፤ ወይ ሥራው ወይ የሚኖርበት እርሻ ከስሙ ላይ ይጣበቃል። ታይ ኢሳፍ ማለት ታችኛው ቤት ማለት ነው። በሸለቆው ጫፍ፣ የመኪናው መንገድ አልቆ ተራራው በሚጀምርበት ቦታ የቆመ፣ ጣሪያው በጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ የበግ አርቢዎች ቤት ነው። ኔስታ በዚህ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖራለች። የእርሻውን ስም ሳታስከትል ኔስታ ብላ ብቻ ትጠራት የነበረችው እናቷ ነበረች፤ እርሷም ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

የታይ ኢሳፍ በጎች አጥር የላቸውም። ወደ ተራራው ሲለቀቁ የሚያግዳቸው የለም፤ ነገር ግን ከለመዱት ሥፍራ ወጥተው አይሄዱም። ግልገሏ እናቷን እየተከተለች የትኛው ጅረት የራሷ፣ የትኛው ቋጥኝ የጎረቤት ድንበር እንደ ሆነ ትማራለች፤ አድጋም ለራሷ ግልገል ታስተምራለች። እርሻ ሲሸጥ መንጋው አብሮ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ቦታ ቢወስዱት ፊቱን ወደ መጣበት አዙሮ ሲጮኽ ይውላልና። የኔስታ አባት ቱዱር ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። "በግ ምን አጥር ያስፈልጋታል፤ እናቷ ትበቃታለች" ይላሉ። ኔስታ በልጅነቷ ይህን አነጋገር ትወደው ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን በሰማችው ቁጥር ስለ በግ ብቻ የሚያወሩ አልመስል አላት፤ እንዲህ በመሰላት ቁጥርም ራሷን ትወቅሳለች።

በሃያ ዓመቷ መኪና ለመንዳት ተፈትና ነበር። ፈታኙ ፊት ለፊት የቆመውን መኪና ሰሌዳ እንድታነብ ሲጠይቃት፣ በወፍራም መነጽሯ ውስጥ ያየችው ቢጫ ጭጋግ ብቻ ነበር። ፈተናው መኪናው ውስጥ ሳይገቡ አለቀ። ሸለቆው አውቶቡስ አይገባበትም። በመኪና ወደ አበርኬዲን ከተማ የሚሄድ ሰው ተራራውን ዞሮ አርባ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የሽመላ አንገት በሚባለው መተላለፊያ በኩል ለሚያቋርጥ ግን ርቀቱ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህ መንገድ በቀድሞው ዘመን ከድንጋይ ካባው የተፈለጠው ጥቁር ድንጋይ በፈረስ ይወርድበት ነበር። አሁን የሚመላለሱበት በጎች፣ በዕረፍት ቀን የሚመጡ የተራራ ብስክሌተኞችና በራሷ ብስክሌት የምታቋርጠው ኔስታ ናቸው። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ የምታውቃቸው ግን በዓይኗ ሳይሆን በጉልበቷና በመዳፏ ነው።

በአበርኬዲን ኤምሪስ ብስክሌት የሚሉት ሰው የብስክሌት መጠገኛ አለው። ኔስታ ከአራት ዓመት በፊት የጎበጠ መንኮራኩር ልታስጠግን ሄዳ፣ እስኪደርሳት ዝም ብሎ መቀመጥ አሳፍሯት፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ የሌላ ሰው መንኮራኩር አንሥታ ሽቦዎቹን በጥፍሯ አንድ በአንድ እየነካካች ማዳመጥ ጀመረች። የላላው ሽቦ ድምፁ ይወፍራል፤ የከረረው ይቀጥናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ አጠበቀችና አላላች። ኤምሪስ መንኮራኩሩን አሹሮ ሲያየው ቸርኬው እንደ ሰዓት መሣሪያ ቀጥ ብሎ ዞረ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እርሱ ዘንድ ትሠራለች። የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ መስኮት፣ ሻይ የምትጠጣበት ጆሮው የተሰበረ የራሷ ኩባያ አላት። ኤምሪስ "ኔስታ መንኮራኩር" ብሎ ይጠራታል። ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማች ዕለት፣ ወደ ቤት ስትመለስ ተራራው አናት ላይ ቆማ ለብቻዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደግማዋለች።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ዓርብ ኤምሪስ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርሽና አትቀየሚኝ" አላት።

"ልቀየም አልቀየም ከሰማሁት በኋላ ይታወቃል።"

"አምና ብርዱ ከገባ ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ቀርተሻል። ሰው ብስክሌቱን ሰኞ አምጥቶ ረቡዕ ሲመጣ፣ ተራራው ስለ ረጠበ ነው ብዬ እመልሳለሁ? እኔ ደግሞ ቸርኬ ሳቃና ታውቂኛለሽ፤ ድንች ነው የማስመስለው።"

"ድንችም ይንከባለላል።"

"ቁልቁለት ላይ ብቻ።" ሳቅ አለና ወዲያው ሳቁን ተወው። "ከባሕሩ ዳር አንድ ባለሙያ መጥቶ ጠረጴዛውን ጠይቆኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ መኪናም አለው። እስከ ገና ድረስ አንድም ቀን ካልቀረሽ ጠረጴዛው ያንቺ ነው፤ ሁለተኛ አላነሣብሽም። ከቀረሽ ግን፣ ልጄ፣ እኔም ሱቅ አለኝ።"

ኔስታ አልተቀየመችም። እርሱ ትክክል መሆኑ ነበር የከበዳት። ያስቀራት ስንፍና አልነበረም፤ ጥቁሩ ገበታ የሚባለው ድንጋይ ነው። ከሽመላ አንገት ወዲያ፣ ወደ ከተማው በሚወርደው በኩል፣ አርባ እርምጃ ያህል የተነጠፈ አንድ ወጥ ዘቅዛቃ ድንጋይ አለ። በስተቀኙ ሰው የሚውጥ ረግረግ፣ በስተግራው ገደልና ጅረት ነው። በበጋ ሕፃን ይሄድበታል፤ በኅዳር ዝናብ ግን የረጠበ ሳሙና ይሆናል፤ በእግርም ቢሆን ያንሸራትታል።

ኤምሪስ ብስክሌቷን አንሥቶ ማቆሚያው ላይ ሰቀለና የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ለካው። "በዚህ ነው ጥቁሩ ገበታን የምትወርጂው? ይህ ጎማ ሳይሆን የዳቦ ቢላ ነው።"

ከመደርደሪያው ሰፋፊ ጎማዎች አወረዱ። ኔስታ በጣም ሰፊውን፣ ሁለት ነጥብ ስድስት ኢንች የሚለውን፣ የኋላው መንኮራኩር ላይ አስገብታ በጎማውና መንኮራኩሩን በያዘው የብስክሌቱ ክንድ መካከል ጣቷን ሰደደች። ጣቷ አለፈ።

"አለፈ" አለች።

"አንድ ጣት ለጭቃ፣ አንድ ጣት ለሱፍ" አለ ኤምሪስ። በዚያ አገር ብስክሌት የሚጠግን ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ተራራው ላይ ጭቃውን ከጎማው ጋር የሚያቦካው ከቁጥቋጦው የረገፈው የበግ ሱፍ ነውና፣ አንድ ጊዜ ከተጠመጠመ መንኮራኩሩን እንደ ገመድ ያስረዋል። ኔስታ ሁለት ጣት ሞከረች፤ አልገባም። ስለዚህ ሰፊውን ከፊት፣ ከእርሱ ጥቂት ጠበብ ያለውን ከኋላ አደረጉ።

ኔስታ የፊቱን ጎማ ጥርሶች በጣቷ እየዳሰሰች ስትቆጥር ኤምሪስ አቋረጣት። "ጥርሱን ተይው፤ ጥርሱን ሁሉም ሰው ያያል። ሰፊ ጎማ የሚጠቅምሽ ንፋሱን መቀነስ ስለምትችዪ ነው። ጠባቡን ብታለሰልሺው ቸርኬው ከድንጋዩ ጋር ይጋጭብሻል። ሰፊው ግን ይተኛል፤ ድንጋዩን አቅፎ ይይዝልሻል። ጠንክሮ የተነፋ ሰፊ ጎማስ ምንድን ነው?"

"ኳስ።"

"ተባረኪ።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ኔስታ በረቱ ውስጥ ተንበርክካ የጎማዎቹን ንፋስ አስተካከለች። ቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ ማንበብ ስለሚያስቸግራት በአውራ ጣቷ ነው የምትለካው፤ ጣቷ እስከ ጥፍሩ ሥር ሲሰምጥ ልክ ነው። አባቷ በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡ። ዳሌያቸው ካመመ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በጎቹን በባለ አራት ጎማዋ ሞተር ላይ ተቀምጠው ከውሻቸው ጋር ይጠብቃሉ፤ ጎንበስ ብለው ካልሲያቸውን ማጥለቅ ግን አይችሉም። ካልሲያቸውን በየጠዋቱ የምታጠልቅላቸው ኔስታ ናት።

"ይህ ለብስክሌት ነው ወይስ ለትራክተር?" አሉና በምርኩዛቸው ጫፍ ጎማውን ተጫኑት። ምርኩዙ ሰመጠ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ። "ንፋስ የለውም እኮ።"

"እንዲህ ነው የሚፈለገው፣ አባባ። ሲለሰልስ ድንጋዩን ይይዛል።"

"ለስላሳ ጎማ ምን እንደሚይዝ እኔ አውቃለሁ።"

ኔስታ መንፊያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከአርባ ዓመት በፊት፣ ከቤቱ በታች ባለው ተዳፋት ላይ፣ ድርቆሽ የተጫነ ተጎታች በአንድ ወገን ጎማው ስለ ለሰለሰ ተገልብጦ የአባቷን ታናሽ ወንድም ኢቴልን ገድሎታል። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አገሩ የማያውቀውንና ቱዱር እናቷ በተቀበረች ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ የነገሯት ሌላ ነገር አለ። የዚያን ቀን ጠዋት ጎማው መለስለሱን እርሳቸው አይተው ነበር፤ "ማታ እነፋዋለሁ" ብለው አልፈውታል። ይህን የሰማ ሰው፣ ትንሽ ንፋስ መቀነስ ይጠቅማል ብሎ በምን አንደበት ይከራከራቸዋል? 

"አይሥጉ፣ እጠነቀቃለሁ" አለች።

"እርሱም እንደዚያ ነበር የሚለው" አሉና ወደ ቤት ተመለሱ።

ሰኞ ጠዋት ከቤቱ በስተጀርባ ያለው ተራራ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ኔስታ አጃውን አብስላ አቀረበችና ካልሲውን ልታጠልቅ ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። የቤት ጫማቸው ረጥቦ ነበር። ውሻውን ለማስወጣት ወጥተው ይሆናል ብላ አሰበች። እርሳቸውም ዛሬ እንደ ሌላው ቀን አላጉረመረሙም፤ እንዲያውም እጃቸውን ራሷ ላይ ለአፍታ አሳረፉ።

"ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?"

"እንደ ሁልጊዜው፣ አሥራ አንድ ሰዓት።"

"መልካም። ነፍሴ ዛሬ አርፋለች" አሉ።

ይህ አነጋገር እንግዳ ሆነባት፤ ነገር ግን ጊዜ አልነበራትም። ወፍራም ጓንቷን አጥልቃ ብስክሌቷን አወጣች። የእርሻውን የመጀመሪያ በር ከፍታ ዘጋች፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ተራራ ላይ በርን እንዳገኙት መተው የሁሉም ግዴታ ነው። ከሁለተኛው በር በኋላ መንገዱ ታጥፎ ቤቱ ይሰወራል።

አቀበቱ ላይ ገና ብዙ ሳትሄድ የኋላው ጎማ እየሾረ ይከዳት ጀመር። ድንጋዩ ላይ ይነጥራል፤ ጭቃው ላይ ሳይነክስ ይዞራል። ኔስታ ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገች። ክብደቴን አጉል ቦታ አድርጌ ይሆናል፤ እግሬ ደክሞ ይሆናል፤ ሰፊ ጎማ ለሚችል ሰው እንጂ ለእኔ ዓይነቱ አልተሠራም ይሆናል እያለች በእግሯ ጭምር እየገፋች ወጣች። የሽመላ አንገት ላይ ስትደርስ ከወትሮው ሩብ ሰዓት ዘግይታለች።

ጥቁሩ ገበታ ውሃ እየፈሰሰበት ያብለጨልጫል። ወርዳ ልትጎትት አሰበች። ነገር ግን ወርዶ መጎተት አምና ያደረገችው ነው፤ አምና በእግሯ ስትሄድም ወድቃለች። ኤምሪስ ያቅፈዋል ያለውን አመነችና ፍሬኑን ቀስ አድርጋ ይዛ ገባች። አሥር እርምጃ ያህል ወረደች። ከዚያ የፊቱ ጎማ ከትንሽ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ነጥሮ ተነሣ፤ ሲያርፍም ወደ ግራ ሸሸ። ኔስታ በጉልበቷና በክርኗ ወደቀች፤ ብስክሌቱም ላይዋ ላይ። ገደሉ ጋ ሊደርሱ ሁለት ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ።

መነጽሯ ዓይኗ ላይ አልነበረም። ዓለም ግራጫ ሆነች። በአራት እግሯ እየዳኸች በረዶ በሚያህል ውሃ ውስጥ ድንጋዩን ስትዳብስ ቆየችና፣ ከረግረጉ ዳር ካለው ሣር ውስጥ አገኘችው። አንዱ መስተዋት ተሰንጥቋል። ጓንቷን አውልቃ ብስክሌቱን ልታነሣ ስትል እጇ የፊቱን ጎማ ነካ። በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

ጣቷ አልሰመጠም። ጎማው እንደ ድንጋዩ ጠንክሮ ነበር። የኋላውም እንዲሁ።

ያን ጊዜ የረጠበው የቤት ጫማ ትዝ አላት፤ ራሷ ላይ ያረፈው እጅም። ካልሲያቸውን ማጥለቅ የማይችሉት ሰው፣ በቤት ጫማ ብቻ በረት ወርደው፣ በዚያ ዳሌ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ሁለቱንም ጎማ እስከ መጨረሻው ነፍተዋል። ነፍሴ ዛሬ አርፋለች ማለታቸው ለዚህ ነው። ኔስታ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ክፋት ቢሆን ኖሮ በቀለለ ነበር። ክፉ አባት ያላት ሴት ትታው ትሄዳለች፤ እንዲህ ያለውን አባት ግን ትቶ ወዴት ይኬዳል? ለአፍታ ያህል፣ የነፉት ከሞት እንዲያድናት ነው ወይስ ከቤት እንዲያስቀራት የሚል ሐሳብ መጣባት፤ አፍራበት አባረረችው። ከዚያ በኋላም ግን ፈጽሞ አልጠፋም።

ወደ ላይ ብትመለስ ቤት ነው፤ ምድጃው አጠገብ ወንበሯ አለ፤ "አልኩሽ እኮ" የሚል ድምፅም አለ። ወደ ታች ሠላሳ እርምጃ ድንጋይ ይቀራል። ጉልበቷ ይደማል። ከተማው ውስጥ ኤምሪስ አሁን በሩን እየከፈተ ነው።

ዓይኗን ጨፍና ጎማው የሚነፋበትን አፍ በጥፍሯ ተጫነች። ንፋሱ እየፏጨ ወጣ። ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ሲወርድ፣ የመንኮራኩር ሽቦ እንደምታዳምጥ አዳመጠችውና፣ መሆን በሚገባው ላይ ሲደርስ ለቀቀችው። አውራ ጣቷን ስትጭን እስከ ጥፍሩ ሥር ሰመጠ። የኋላውንም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ብስክሌቱን አቅንታ ተቀመጠችበት፤ ፍሬኑንም ጥቂት ላላ አደረገችው።

ጎማው ተኛ። ከታች የድንጋዩን እያንዳንዱን ስንጥቅ ሲይዝና ሲለቅ በመዳፏ ተሰማት። ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ አይበልጥም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጊዜም አልሸሸባትም። ከድንጋዩ ማለቂያ ስትደርስ ሳትቆም ወደ ከተማው ወረደች።

መጠገኛው ስትገባ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር። ኤምሪስ የተሰነጠቀውን መነጽር፣ የተቀደደውን ሱሪ፣ የጭቃውን ብዛት ተራ በተራ አየ።

"ተራራውን ይዘሽው መጣሽ?" አላት።

"ግማሹን። ሌላውን ነገ አመጣዋለሁ።"

"ነገ ማክሰኞ ነው፤ ያንቺ ቀን አይደለም።" ውሃ ሊጥድ ሄደ። ጀርባውን እንደ ሰጣት፣ "መዘግየት መቅረት ነው አላልኩም፤ ብያለሁ እንዴ?" አለ።

"አላልክም።"

"ጎማውስ?"

"ያቅፋል" አለች ኔስታ። ሌላውን አልነገረችውም።

ማታ ቱዱር በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ስንጥቁን እንዳያዩባት መነጽሯን ኪሷ ከትታዋለች፤ ሱሪዋን ከኤምሪስ ሚስት ተውሳ ለውጣለች። አባቷ ያዩት ብስክሌቱን ነበር።

"ጎማው እንዴት ሆነ?"

ኔስታ ፊታቸውን ያለ መነጽር አየችው፤ ጥርት ብሎ አይታይም። እውነቱን የምትናገርበት ጊዜ ይህ እንደ ሆነ አውቃለች። ኢቴልን የገደለው ሌላ ጎማ፣ ሌላ ጭነት፣ ሌላ ቀን ነበር ልትል ትችል ነበር። ነገር ግን ያ ጎማ በጊዜው ቢነፋ ኖሮ የሚለው ሐሳብ አርባ ዓመት ያቆማቸው ምርኩዝ መስሎ ታያት፤ ምርኩዝ ደግሞ ከሽማግሌ እጅ አይነጠቅም።

"ጥሩ ነበር፣ አባባ" አለች። "እግዜር ይስጥልኝ።"

እርሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራራውን በምታቋርጥበት ጠዋት ሁሉ የቤት ጫማቸው እርጥብ ነው።

ይህ ከሆነ ሦስተኛው ክረምት ነው። ጠረጴዛው የእርሷ ሆኖ ቀርቷል፤ ከባሕሩ ዳር የመጣውም ባለሙያ ሌላ ሱቅ ከፍቷል። ከሽመላ አንገት ወዲያ ኔስታ መንኮራኩር ናት፤ ከወዲህ ኔስታ ታይ ኢሳፍ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ የመጀመሪያውን በር ከፍታ ትዘጋለች፤ ሁለተኛውንም ከፍታ ትዘጋለች። ከሁለተኛው በር ማዶ፣ ቤቱ ከተሰወረና የአባቷ ጆሮ ከማይደርስበት ቦታ፣ ትንበረከክና ንፋሱን ትለቃለች። በጎቹ ፉጨቱን ስለ ለመዱት ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

ባለፈው እሁድ ቱዱር መንፊያው እንደ ከበደባቸው ተናገሩ። በአንድ ጎማ ላይ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ፤ የተገለበጠ የመኖ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነው የሚነፉት። ኔስታ መንፊያውን ፈታ አየችው። ውስጡ ያለው የቆዳ ቀለበት ደርቆ ንፋስ ያሾልካል። ለመተው አንድ ቀን ሙሉ አመነታች። መንፊያው ቢሞት ነገሩ ሁሉ በራሱ ያልቅ ነበር፤ ጥፋቱም የማንም አይሆንም።

ሰኞ ከከተማ አዲስ ቀለበት ይዛ መጣች። ቅባት ቀብታ አስገባችውና፣ ቀለል ብሎ እንደሚወርድ በእጇ ሞክራ፣ ከባልዲው አጠገብ አቆመችው። ረቡዕ ጠዋት ከሁለተኛው በር ማዶ የለቀቀችው ንፋስ ከወትሮው በዛ።